ስለ ገመድ ተራማጅና ገመዱን ስለሚይዙ እጆች

ከኢሉባቦር ደጋ እየተምዘገዘገ የሚወርደው የባሮ ወንዝ ጋምቤላ ሲደርስ ቁጣውን ትቶ በሜዳ ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ በባሮ ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ውሃውን ሲሻገሩ የኖሩት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ነው እንጂ በገመድ አይደለም። የመንግሥት ታሪክም ቢሆን በዚያ ስፍራ የተጻፈው በመርከብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በኢታንግ አጠገብ፤ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያው በጋምቤላ ተመሠረተና ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አምጥተው፤ ቡና ጭነው ይመለሱ ጀመር። ሱዳንም በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ያ ስፍራ ወደ ባለቤቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የገመድ ሥራ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም መርከቡን ከዳር ማሰር ነው። ስለ መርከቡ ብዙ ተጽፏል፤ ገመዱን ተቀብሎ ስላሰረው ሰው ግን አንድም የጻፈ የለም።

ውሃው በገደል ውስጥ በሚያልፍበት በደጋው አገር ግን የገመድ ነገር ሌላ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፤ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ የድንጋይ ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ስለ ተሰበረ ስሙ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ሙሉ ገበያተኛውም፤ ሕመምተኛውም፤ ዘመድ ጠያቂውም በወገቡ ገመድ ታስሮ፤ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየሳቡት፤ ከበታቹ ዓባይ እየጮኸ፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበረ። በ1993 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አይቶ ልቡ ስለ ተነካ ወዳጆቹን ሰብስቦ በ1994 ዓ.ም. የተሰበረውን አገናኘ፤ ይህንንም በኋላ ጎርፍ ስለ ወሰደው በሽቦ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። በትግራይም የደብረ ዳሞን አምባ ሊወጣ የወደደ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚወጣው ከቆዳ በተገመደ ገመድ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ እጁንና እግሩን በገደሉ ላይ ሲያሠራ፤ ከአምባው አፋፍ የቆመው መነኩሴ ደግሞ ሌላ ጠፍር በወገቡ አስሮለት ይስበዋል። እንግዳው የሳቢውን ፊት ከታች ሆኖ አያየውም፤ ነገር ግን ነፍሱን አደራ የሰጠው ለእርሱ ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው በገመድ ላይ የሚንጠለጠለው በግድ ነው፤ ወይም ስለ ነፍሱ ወይም ስለ እንጀራው። በአውሮጳና በአሜሪካ ግን ያለ አንዳች ግድ፤ ሰው ሁሉ እያየው በገመድ ላይ መራመድን ጥበብ አድርገው የያዙ ሰዎች ተነሥተዋል። ከእነርሱ መካከል በ19ኛው መቶ ዓመት ዝናው ዓለምን የሞላው ብሎንዲን የሚባለው ፈረንሳዊ ነው። እርሱም ሰኔ 24 ቀን 1851 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለውን የናያጋራን ገደል፤ 335 ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት በተዘረጋ የቃጫ ገመድ ላይ ተራምዶ ተሻገረ። ከበታቹ ያለው ጥልቀት 50 ሜትር ያህል ነበረ። በዚያው ክረምት ደግሞ የጉዳዩ አስፈጻሚ የነበረውን ሃሪ ኮልኮርድን በጀርባው አዝሎ አሻገረው። በብሎንዲን ድፍረት ሕዝቡ ተደነቀ፤ ነገር ግን ነገሩን ጠልቆ ለመረመረው ሰው የሚበልጠው ድፍረት የኮልኮርድ ነው። ብሎንዲን የታመነው በገዛ እግሩ ነው፤ ኮልኮርድ ግን በሰው እግር ታመነ። አዛዩ ቢወዛወዝ ታዛዩም አብሮ እንዲወዛወዝ፤ በራሱ ፈቃድ ሚዛን ለመጠበቅ እንዳይሞክር ታዝዞ ነበረና እንደ ታዘዘው አደረገ። ብሎንዲንም ከዚህ ሁሉ ገደል ተርፎ በ1889 ዓ.ም. በለንደን በአልጋው ላይ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት ከተነሡት የገመድ ተራማጆች ሁሉ ስሙ የገነነው ፊሊፕ ፔቲ ነው። ይህ ሰው ነሐሴ 7 ቀን 1941 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ተወለደ። ገና የ18 ዓመት ጎልማሳ ሳለ በጥርስ ሐኪም ቤት ተራውን ሲጠብቅ፤ በኒው ዮርክ ከተማ ከዓለም ሕንጻዎች ሁሉ የሚበልጡ ሁለት መንታ ግንቦች ሊሠሩ መሆኑን በጋዜጣ አነበበ። ግንቦቹ ገና አልተሠሩም፤ ልቡ ግን በዚያች ሰዓት በሁለቱ መካከል ገመድ ዘረጋ። የጋዜጣውንም ቅጠል ቀዶ ወሰደ። ከዚያም ስድስት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ኖረ። ሰኔ 19 ቀን 1963 ዓ.ም. በፓሪስ የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን በሁለቱ ማማዎች መካከል በስውር ገመድ ዘርግቶ ተራመደ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በአውስትራልያ በሲድኒ ድልድይ ላይ እንደዚሁ አደረገ። መንታዎቹም ግንቦች መጋቢት 26 ቀን 1965 ዓ.ም. ተመርቀው ተከፈቱ።

ሥራው የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ይልቁንም ከልጅነቱ ጀምሮ ወዳጁ የነበረው ዣን ሉዊ ብሎንዶ፤ ወዳጁ አኒ አሊክስ፤ ሌሎችም ፈረንሳውያንና አሜሪካውያን፤ በግንቡ ውስጥ በሥራ የነበረ አንድ ሰውም ሳይቀር ከእርሱ ጋራ መከሩ። የሠራተኛና የጸሐፊ ልብስ ለብሰው፤ የሐሰት መታወቂያ ይዘው ግንቡን ሰለሉ፤ ለካም፤ ፎቶግራፍም አነሡ። ሐምሌ 30 ቀን 1966 ዓ.ም. በሁለት ወገን ተከፍለው ዕቃቸውን ይዘው እስከ ላይኛው ደርብ ወጡ፤ ዘበኞች እንዳያዩአቸውም ብዙ ሰዓት በሸራ ሥር ተሸሽገው ቆዩ።

በጨለማ የተሠራው ሥራ ለአእምሮ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው 42 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከባሮ ወንዝ ስፋት የሚያንስ ነው። ነገር ግን 200 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የብረት ገመድ ከዚያ ወደዚህ ወርውሮ ማድረስ ለሰው ኃይል የማይቻል ነው። ስለዚህ ብሎንዶ በቀስቱ ጫፍ ላይ ዓሣ የሚጠመድበትን ቀጭን ክር አስሮ ከሰሜኑ ግንብ ወደ ደቡቡ ወረወረ። ፔቲ በጨለማው ውስጥ ክሩን በዓይኑ ማየት ስላልተቻለው ልብሱን አውልቆ በገላው እየዳሰሰ ፈለገው፤ አገኘውም። በቀጭኑ ክር ወፈር ያለ ክር ተሳበ፤ በወፍራሙ ክር ገመድ ተሳበ፤ በገመዱ የብረቱ ገመድ ተሳበ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን ተረት በዚያች ሌሊት በባዕድ አገር በእውነት ተፈጸመ። ነገር ግን የብረቱ ገመድ ከክብደቱ የተነሣ በድንገት አምልጦ በሁለቱ ግንቦች መካከል ወደ ታች ስለ ወረደ፤ ጓደኞቹ እስኪነጋ ድረስ በእጃቸው ሲጎትቱት አደሩ። በግራና በቀኝ የብረቱን ገመድ ወጥረው የሚይዙት ደጋፊ ገመዶችም በጥድፊያ ታሰሩ። የእነዚህም ጥቅም ብዙ ነው፤ ያለ እነርሱ ገመዱ ይወዛወዛል፤ በራሱም ላይ ይሽከረከራል፤ ግንቦቹም በነፋስ ኃይል ጥቂት ጥቂት የሚነቃነቁ ስለሆኑ ተራማጁን ይጥሉታል።

ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ማለዳ፤ እንደ አገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፤ ፔቲ ከ400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እግሩን ከግንቡ አንሥቶ በገመዱ ላይ አኖረ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ500 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ልክ ይረዳዋል። በእጁ የያዘው 8 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሚዛን ዘንግ ብቻ ነው። ይህም ዘንግ ጫፉ በግራና በቀኝ ወደ ታች ዘንበል ስለሚል የተራማጁን ክብደት ወደ ገመዱ ያወርደዋል፤ ከርዝመቱም የተነሣ ሰውዬው ቢያጋድል ማጋደሉን ያዘገይለታልና ሚዛኑን የሚመልስበት ጊዜ ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት 45 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ፤ ተንበረከከ፤ በጀርባውም ተጋደመ። በታች በመንገድ የሚያልፈው ሕዝብ ሥራውን ትቶ አንጋጦ ቆመ። ፖሊሶች በሁለቱም ጫፍ ቆመው ና ውረድ ቢሉት ወደ እነርሱ ቀርቦ እየሣቀ ይመለስ ነበረ። በኋላም ራሱ ወጥቶ እጁን ሰጠ፤ ታሰረም። ባለሥልጣኖቹ ግን ሕግ መተላለፉን ቢያውቁም ክሱን ትተውለት፤ ስለ ቅጣት ፈንታ በከተማው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ ለሕፃናት ያለ ዋጋ ጥበቡን እንዲያሳይ አደረጉት።

ያቺ ዕለት በኢትዮጵያ ጾመ ፍልሰታ የገባባት ዕለት ነበረች። በአዲስ አበባም የብዙ ዘመን መንግሥት ገመዱ እየላላ የሄደበት ወራት ነበረና፤ ከአንድ ወር በኋላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በአሜሪካም በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በምድር ላይ የቆሙት ትላልቆች ሲናወጡ በአየር ላይ የቆመው አንድ ሰው አለመናወጡ በዚያ ዘመን ለነበሩ ሰዎች ይበልጥ የሚያስደንቅ ሆነ።

ይህን ታሪክ ጄምስ ማርሽ የሚባል እንግሊዛዊ በፊልም አዘጋጅቶ ጥር ወር 2000 ዓ.ም. በአሜሪካ አሳየው፤ የካቲት 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ ከእውነተኛ ታሪክ ፊልሞች ሁሉ በልጦ የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ስሙም በገመድ ላይ ያለ ሰው ማለት ነው፤ ይህ ስም የተወሰደው ፖሊስ የጥፋቱን ዓይነት በመዝገብ ካሰፈረበት ቃል ነው። ታሪክ ለሚጽፍ ሰው በዚህ ፊልም ውስጥ ትልቅ ምሥጢር አለበት። ፔቲ በግንቦቹ መካከል ሲራመድ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የለምና፤ የቀሩት ጥቂት ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ገመድ ሲጎትቱ ያደሩ እጆች ሲነጋ ዝለው ነበርና የሲኒማውን መኪና ማንሣት አልቻሉም። ስለዚህ ፊልሙ የጎደለውን የሞላው በቆሙ ሥዕሎች፤ ነገሩን አስመስለው በሠሩ ተዋንያን፤ ከሁሉም በላይ በዐይን ምስክሮች ቃል ነው። በዚህም ምክንያት እስከዚያ ድረስ ስማቸው ከፔቲ ስም በታች ተቀብሮ የነበረ ሰዎች ፊታቸው ታየ፤ ቃላቸውም ተሰማ። የታሪክ ጸሐፊዎችም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዋናው ነገር ሳይጻፍ ያለፈ እንደሆነ በአጠገቡ ከነበሩት አፍ ይለቀማል።

ምስክሮቹ የተናገሩት ግን ደስታን ብቻ አይደለም። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ፔቲ በአንድ ቀን የዓለም ስመ ጥር ሆነ፤ ጋዜጠኞች ከበቡት፤ ስለ ምን አደረግኸው ብለው ቢጠይቁት ስለ ምን የሚባል ነገር የለም ብሎ መለሰ። የጓደኞቹ ማኅበር ግን ያን ጊዜ ተፈታ። ከአኒ አሊክስ ጋራ የነበረው ፍቅር በዚያው ወራት አበቃ። ብሎንዶም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ሌሊትና የተቋረጠውን ወዳጅነት ሲያስታውስ በፊልሙ ውስጥ ዕንባው ይመጣል። ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ነገር የለም፤ የብረቱ ገመድ ያን ያህል ክብደት ተሸክሞ ሳይበጠስ፤ ከልጅነት ጀምሮ የተገመደው የሰዎቹ ገመድ ተበጠሰ። ገመዱ የጸናው ብዙዎች ስለ ያዙት ነው፤ ወዳጅነቱ የተበጠሰው ግን ክብሩን አንድ ሰው ብቻ ስለ ያዘው ነው።

ፊልሙ ዝም ብሎ ያለፈው ሌላም ነገር አለ። እነዚያ መንታ ግንቦች ለዘላለም ይኖራሉ የተባሉ ነበሩ፤ ነገር ግን መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፤ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ በሚከበርበት ዕለት፤ ከብዙ ሺህ ነፍስ ጋራ ወደቁ። ፊልሙ ይህን አንድ ቃል እንኳ አያነሣም፤ ሆኖም የሚያይ ሰው ሁሉ በልቡ ያስበዋል። ይወድቃል የተባለው ሰው ቆመ፤ ይቆማሉ የተባሉት ግንቦች ወደቁ።

ሁሉም እንደ ፔቲ አልተረፉም። ካርል ዋሌንዳ የሚባለው የጀርመን ተወላጅ ከነቤተ ሰቡ በዚህ ጥበብ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነበረ። ጥር 22 ቀን 1954 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ ሰባት ሆነው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው ሲሻገሩ፤ ከፊት ያለው ስለ ሳተ ወደቁና ሁለቱ ሞቱ፤ አንዱም ሽባ ሆኖ ቀረ። ካርል ራሱ መጋቢት 13 ቀን 1970 ዓ.ም.፤ የ73 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፤ በፖርቶ ሪኮ በሳን ኹዋን ከተማ 37 ሜትር ከፍ ካለ ገመድ ላይ ወድቆ ሞተ። በዚያ ቀን ነፋስ ነበረ፤ ቤተ ሰቡ ግን የሞቱን ምክንያት በነፋሱ ላይ አላደረጉትም፤ ደጋፊዎቹ ገመዶች እንደሚገባ አልታሰሩም ነበር አሉ። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ በገመድ ላይ የኖረ እግር የማያውቀው ስሕተት ሳይሠራ፤ በሌላ እጅ የታሰረ አንድ ቋጠሮ ሲላላ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ሥራ ሊቃውንት ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊፈርዱ ይችላሉ። አንዱ ወገን፤ ይህ ነፍስን በከንቱ መፈታተን ነው፤ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ለጌታችን የቀረበው ፈተና ይህን የመሰለ ነበረ ይላል። ይህም ቃል ቀላል አይደለም፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው፤ ሳይታዘዝና ሳይቸገር፤ ስለ ጭብጨባ ሲል ነፍሱን በሽቦ ላይ ቢያኖር ማን ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ በመቅደሱ ጫፍ የተባለው ያለ ጥበብና ያለ ሥራ መወርወር ነበረ፤ ይህ ሰው ግን ስድስት ዓመት ተምሮ፤ መዝኖ፤ ለክቶ እያንዳንዷን እርምጃ አወቀ፤ ስለዚህ ሥራው ፈተና ሳይሆን ትጋት ነው ይላል። እውነቱ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ይመስላል። ጥበቡ የሚመሰገን ነው፤ ፍሬው ግን የሚመዘነው ማንን አሻገረ ተብሎ ነው። ፔቲ ራሱ በ1979 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የአይሁድንና የዐረቦችን ሰፈር በሚለየው ሸለቆ ላይ ገመድ ዘርግቶ፤ ስለ ሰላም ምልክት ብሎ ተራምዷል። በዚያ ቀን ገመዱ ከጭብጨባ የሚበልጥ ነገር ለማገናኘት ተሞከረ።

በቅኔ ቤት ሰም የሚባለው በውጭ የሚታየው ነው፤ ወርቅ የሚባለው ግን በውስጥ የተሸሸገው ነው። የዚህ ታሪክ ሰሙ በደመና አጠገብ የቆመው ሰው ነው፤ ወርቁ ግን በጨለማ ክር የወረወረው፤ ገመድ የጎተተው፤ ቋጠሮ የቋጠረው ነው። በሰባራ ድልድይ ላይ ገበያተኛውን ሲስቡ የኖሩት የጎጃምና የቤጌምድር ገበሬዎች ፊልም አልተሠራላቸውም፤ ሽልማትም አላገኙም። በደብረ ዳሞ አፋፍ ጠፍር የሚስበው መነኩሴ ስሙን የሚጠይቀው እንግዳ ጥቂት ነው። በባሮ ዳር ክረምት ከክረምት የመርከቡን ገመድ ተቀብለው ያሰሩት ሰዎች ስማቸው በውሉም በመዝገቡም አልገባም። ነገር ግን ከፔቲ ጋራ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ እነርሱ ሰውን ያሻገሩት አንድ ማለዳ ለ45 ደቂቃ ሳይሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው፤ ያሻገሩትም ሰው ወደ ቤቱ ገብቷል።

ስለዚህ በከፍታ ላይ ቆሞ የሚመሰገን ሰው ሁሉ፤ መምህርም ቢሆን፤ ሹምም ቢሆን፤ ነጋዴም ቢሆን፤ ወደ ታች ከማየቱ በፊት ወደ ገመዱ ጫፍ ይመልከት። ፔቲን የጠበቀው የራሱ እግር ብቻ አልነበረም፤ ዋሌንዳንም የጣለው የራሱ እግር አልነበረም። ገመዱን የያዘውን እጅ በስሙ ጠርቶ ማመስገን ምንም ዋጋ አያስከፍልም፤ ሳይጠሩት መቅረት ግን የብሎንዶን ዕንባ ያህል ያስከፍላል።